ዘይት የማይሻው ሰዓት፤ የአናጢው የጆን ሐሪሰን ሕይወት

በወላይታ ሶዶ ፀሐይ የዕለቱን ከፍታዋን ጫፍ የምትይዘው የግድግዳው ሰዓት ልክ ስድስት ሲል አይደለም። የዓመቱ አማካይ ሲታይ 29 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ጥፋቱ የሰዓቱም የፀሐይም አይደለም። የኢትዮጵያ ሰዓት የሚቈጠረው ከግሪንዊች በስተምሥራቅ በ45ኛው ዲግሪ ላይ በሚያልፈውና የኦጋዴንን ምሥራቃዊ ምድር በሚያቋርጠው መስመር ልክ ነው፤ ሶዶ ደግሞ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በ37 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ገደማ ላይ ትገኛለች። ምድር አንዱን ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ የ7 ዲግሪ ከሩብ ልዩነት 29 ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው።

ነገሩ ሲገለበጥ ደግሞ ትልቅ ምስጢር ይወጣዋል። የግሪንዊችን ሰዓት ሳያዛንፍ የሚቈጥር መሣሪያ በእጁ የያዘ ሰው፣ ባለበት ቦታ የቀትርን ጥላ አይቶ ከዚያ መሣሪያ ጋር ቢያስተያይ፣ ከግሪንዊች ምን ያህል ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ እንደ ራቀ ያውቃል፤ ኬንትሮሱን አገኘ ማለት ነው። ሐሳቡ ከ1500ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ይታወቅ ነበር። የጠፋው ሐሳቡ ሳይሆን ሰዓቱ ነበር። ይህን ሰዓት ለባሕር ጕዞ የሠራው ሰው ከሥነ ፈለክ ሊቃውንትም ሆነ ከለንደን ስመ ጥር ሰዓት ሠሪዎች ወገን አልነበረም። በአጠገቡ ከሚገኘው እንጨት ሰዓት እየጠረበ ሙያውን የጀመረ የገጠር አናጢ ነበር። ስሙም ጆን ሐሪሰን ይባላል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለበት በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ሐሪሰን በዮርክሻየር፣ ፎልቢ በምትባል መንደር፣ ማርች 24 ቀን 1693 ተወለደ። አባቱ አናጢ ነበር። ልጁ ገና ነፍስ ሳያውቅ ቤተሰቡ ሐምበር ከተባለው ሰፊ ወንዝ በስተደቡብ ወደምትገኘው ወደ ባሮ መንደር ተዛወረና የወጣትነቱ ዘመን በሙሉ እዚያ አለፈ። ይህ ነው የሚባል መደበኛ ትምህርት አላገኘም። መጋዝና መላጊያ ይዞ አደገ፤ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያንም የመዘምራን መሪ ሆነ፤ የደወሎችንም ድምፅ ማስማማት ያውቅ ነበር። በስድስት ዓመቱ ፈንጣጣ ታሞ በተኛ ጊዜ ወላጆቹ አንድ የኪስ ሰዓት ትራሱ ላይ እንዳኖሩለትና ድምፁን ሲያዳምጥ እንደ ከረመ ይወራል። ውብ ወሬ ነው፤ ነገር ግን ዝነኛ ለሆነ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ የልጅነት ወሬ ኋላ ይበቅልለታልና ብዙ ሊተማመኑበት አይገባም። በእርግጥ የሚታወቀው ሌላ ነው። አንድ ቄስ፣ ዐይነ ሥውር የነበረው የኬምብሪጅ የሒሳብ መምህር ሳውንደርሰን ያስተማረውን ትምህርት በእጅ ተጽፎ የነበረ ጥራዝ አዋሰው። ወጣቱ አናጢም ጥራዙን ከነሥዕሎቹ ገለበጠው። የቆሎ ተማሪ የመምህሩን መጽሐፍ ገልብጦ የራሱ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ሐሪሰንም የእንቅስቃሴን ሕግ ያወቀው በመገልበጥ ነው።

የመጀመሪያውን ሰዓት በ1713 ሲጨርስ ገና 20 ዓመቱ ነበር። ከዚያም በ1715ና በ1717 ሌሎች ተከተሉ፤ የሦስቱ ዓመታት ሰዓቶች ዛሬም አሉ። ነሐስ ውድ በመሆኑና የሚያውቀውም ዕቃ እንጨት ስለ ነበረ፣ ጥርሳም ጎማዎቹን ሳይቀር የሠራቸው ከእንጨት ነው። እዚህ ላይ የእጅ ሙያ የለመደ ሰው ወዲያው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ከአንድ የእንጨት ክብ ላይ ዙሪያውን ጥርስ ቢወጣ፣ የእንጨቱ ሥር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄድ፣ ከጥርሶቹ ከፊሎቹ ሥሩን ተከትለው ጠንክረው ይቆማሉ፤ ከፊሎቹ ግን ሥሩን አቋርጠው የወጡ ስለሆኑ በትንሽ ጫና ይሰበራሉ። ሐሪሰን የጎማውን ዙሪያ ቦርቡሮ፣ ሥራቸው ከመሐል ወደ ውጭ የሚሄድ ትንንሽ የኦክ እንጨት ቍራጮችን በየተራ ሰካበትና ጥርሶቹን ከነሱ አወጣ። በዚህም እያንዳንዱ ጥርስ በሥሩ ርዝመት ቆመ። በየትኛውም መጽሐፍ ያልነበረ ዘዴ ነው፤ የአናጢ ዕውቀት ብቻ የሚወልደው ነው።

ለሰዓቶቹ ተጠቃሚም ፀሐይና ሰዓት በየቀኑ ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ነበር። ከላይ ለሶዶ የተባለው 29 ደቂቃ አማካይ ብቻ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። የምድር ጕዞ በፀሐይ ዙሪያ ወጥ ባለመሆኑና የዘንጓም ዘመም ማለት ስለሚጨመርበት፣ የሶዶ ቀትር በጥቅምት መጨረሻ 13 ደቂቃ ያህል ብቻ ሲዘገይ በየካቲት መጀመሪያ ግን 43 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በጥላ ርዝመት ሰዓት ለመሙላት የሚሞክር ሰው ይህን ካላወቀ ደኅናውን ሰዓት ተበላሸ ብሎ ይፈታዋል።

በ1722 ገደማ ብሮክልስቢ ከተባለው ርስት ጌታ፣ ለፈረሶች ጋጣ ሕንፃ የማማ ሰዓት እንዲሠራ ታዘዘ። የሐሪሰን አእምሮ ከሌሎች የዘመኑ ሰዓት ሠሪዎች የተለየ መሆኑ የተገለጠው በዚህ ሥራ ነው። የማናቸውም ሰዓት ጠላት ዘይቱ ነው። ያለ ዘይት ዘንጉ ይፋጃል፤ ዘይት ሲገባበት ደግሞ ዘይቱ በብርድ ይወፍራል፣ በሙቀት ይቀጥናል፣ አቧራ ይስባል፣ በመጨረሻም እንደ ሙጫ ይደርቃል። በበጋ አቧራ ውስጥ የከረመ የግድግዳ ሰዓት ከፍቶ ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ከተሰበረው ጥርስ ይልቅ የደረቀው ዘይት ብዙ ሰዓት አቁሟል። የዘመኑ ሰዎች የተሻለ ዘይት ይፈልጉ ነበር። ሐሪሰን ግን ዘይት ጨርሶ የማይሻ ሰዓት ፈለገ። ከአሜሪካ ሞቃት አገሮች የሚመጣ፣ እንደ ወይራ ጠንካራና ከባድ የሆነ፣ በውስጡም ከራሱ የሚወጣ ቅባት ያለው እንጨት ነበር። ዘንጎቹ የሚሽከረከሩባቸውን ቀዳዳዎች በዚህ እንጨት አበጀ፤ ሊዝግ የሚችለውን ብረት ባሉበት ቦታዎችም ነሐስ ተካ። ያ ሰዓት ዘይት ሳይነካው 300 ዓመት አልፎት ዛሬም ይሠራል።

ከዘንጎቹ ሌላ ዘይት የሚለምን አንድ ክፍል ቀረ። በክብደት በሚሄድ ሰዓት ውስጥ ክብደቱ ጎማዎቹን ያለ ማቋረጥ ይስባቸዋል፤ የመጨረሻውን ጎማ ጥርስ በጥርስ እየያዘና እየለቀቀ ጉዞውን ከፔንዱለሙ ውዝዋዜ ጋር የሚያስማማ አንድ ክፍል አለ። ሰዓቱ ቋ ቋ የሚለውም እዚያ ነው። በተለመደው አሠራር ይህ ክፍል በጥርሱ ላይ እየተንሸራተተ ስለሚፋተግ ዘይት ካልተቀባ ይበላል። ሐሪሰን ሁለት ቀጫጭን ክንዶች አበጀና፣ አንዱ ጥርሱን ሲይዝ ሌላው ሳይንሸራተት ወደ ላይ እንዲፈናጠር አደረገ። ሲሠራ የሚታየው አንድ ነፍሳት እግሯን ስታነሣ ነው፤ ስሙም ፌንጣ ተባለ።

ከወንድሙ ከጄምስ ጋር ሆኖ በ1725ና በ1727 መካከል በሠራቸው ሰዓቶች ደግሞ ሙቀትን ገጠመ። የፔንዱለም ዘንግ ብረት ሲሆን በሙቀት ይረዝማል፣ የረዘመ ፔንዱለምም ይዘገያል፤ አየሩ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ ሰዓቱ በቀን 5 ሴኮንድ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ነሐስ ከብረት የበለጠ ይረዝማል። ሐሪሰን የብረትና የነሐስ ዘንጎችን ጎን ለጎን እንደ መጥበሻ ፍርግርግ ደርድሮ፣ ብረቱ ወደ ታች በረዘመው ልክ ነሐሱ ወደ ላይ እንዲረዝም አስተሳሰራቸው፤ የፔንዱለሙ ልክም ሳይለወጥ ቀረ። ፔንዱለም ከቦታ ቦታ መለወጡ ግን ሌላ ነገር ነው። በለንደን ልክ የተሞላ የፔንዱለም ሰዓት ተጭኖ ሶዶ ቢሰቀል፣ አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብና ከፍ ያለ በመሆኑ የምድር ስበት ቀነስ ስለሚል፣ በቀን ከሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ ይዘገያል። ምንም አልተበላሸም፤ ከታች ያለችውን ብሎን አዙሮ ፔንዱለሙን ማሳጠር ይበቃል።

ሰዓቶቹ ትክክል መሆናቸውን በምን አወቀ? በባሮ መንደር ከሱ ሰዓት የተሻለ ሰዓት ስላልነበረ የሚያመሳክረው በሰማይ ነበር። ማታ ማታ በቤቱ መስኮት ጠርዝና በጎረቤቱ ጭስ ማውጫ መካከል አነጣጥሮ፣ አንድ ኮከብ ከጭስ ማውጫው ጀርባ የሚሰወርበትን ቅጽበት ይጠብቅ ነበር። ኮከቡ በየሌሊቱ 3 ደቂቃ ከ56 ሴኮንድ ቀድሞ ይሰወራል፤ በዚህ ላይ ስሕተት የለም። ሰዓቱ ከዚህ ቍጥር ቢያፈነግጥ ያፈነገጠው ሰዓቱ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች በዚህ መንገድ ሰዓቶቻቸው በወር ከአንድ ሴኮንድ በላይ እንደማያጠፉ አረጋገጡ። በዚያን ጊዜ የለንደን ምርጥ ሰዓት በቀን አንድ ሴኮንድ ቢያጠፋ ይመሰገን ነበር። ለዚህ ሙከራ ያወጡት ገንዘብ የለም፤ የጎረቤት ጭስ ማውጫ በነጻ ነው።

ባሕሩ ግን ይጠብቅ ነበር። በ1707 አራት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ያሉበትን ሳያውቁ ከሲሊ ደሴቶች ዐለት ጋር ተላትመው ከሺህ በላይ ሰው አለቀ። በ1714 የእንግሊዝ ፓርላማ ባወጣው ሕግ፣ ወደ ምዕራብ ህንድ ደሴቶች በሚደረግ ጕዞ ኬንትሮስን በግማሽ ዲግሪ ውስጥ ለሚያስገኝ ዘዴ 20,000 ፓውንድ ተመደበ፤ በዘመኑ ታላቅ ሀብት ነው። ጉዳዩን የሚመረምር ሸንጎም ተቋቋመ። ግማሽ ዲግሪ ማለት ስድስት ሳምንት በባሕር ላይ ሲናወጥ ሰንብቶ በጠቅላላው ከሁለት ደቂቃ በላይ የማይሳሳት ሰዓት ነው። ታላቁ ኒውተን ራሱ የመርከብ መናወጥ፣ ሙቀትና ብርድ፣ እርጥበትና ድርቀት፣ የስበትም መለያየት ስላለ እንዲህ ያለ ሰዓት ገና እንዳልተሠራ ለፓርላማው ገልጾ ነበር። ሊቃውንቱ ተስፋ ያደረጉት በሰማይ ነው። በየብስ ላይ የሰማዩ መንገድ በእርግጥ ይሠራል፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኖቬምበር 1770 ግሽ ዓባይ በደረሰ ጊዜ የቦታውን ኬንትሮስ የለካው የጁፒተርን ጨረቃ መሰወር በመነጽር ተመልክቶ ነው። በሚወዛወዝ መርከብ ላይ ግን ያን የመሰለ መነጽር በአንድ ኮከብ ላይ ማቆየት የማይቻል ነው።

ሐሪሰን በ1730 ሐሳቡን በወረቀት ይዞ ወደ ለንደን ወረደ። የንጉሡ የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድመንድ ሐሊ ነገሩን ራሱ ለመመዘን ስላልደፈረ ወደ ታላቁ ሰዓት ሠሪ ወደ ጆርጅ ግራሃም ላከው። ሁለቱ መጀመሪያ ላይ ሳይስማሙ፣ ከጧት እስከ ማታ ሲከራከሩ ዋሉና በመጨረሻ ግራሃም ራት ጋብዞ፣ ያለ ወለድ ገንዘብ አበድሮ ሸኘው። ለምቀኝነት በተጋለጠ ሙያ ውስጥ ይህ የግራሃም ሥራ ሊረሳ የማይገባው ነው።

የመጀመሪያው የባሕር ሰዓት በ1735 ተጠናቀቀ፤ 34 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በፔንዱለም ፈንታ፣ መርከብ ሲያዘነብል አንዱ የሌላውን እንዲያካክስ በሞላ የተያያዙ ሁለት ሚዛኖች አሉት፤ ከጎማዎቹም ብዙዎቹ አሁንም እንጨት ናቸው። በ1736 ወደ ሊዝቦን ተጭኖ ሄደ። ሲመለሱ፣ የመርከቡ አዛዥ የታየውን ምድር አንድ ስፍራ ነው ሲል ሐሪሰን በሰዓቱ ተመርቶ ሌላ ስፍራ ነው አለ፤ የሐሪሰን ሆነ፤ ልዩነቱም ከመቶ ኪሎ ሜትር የሚያንስ አልነበረም። በ1737 ሸንጎው ሰዓቱን ለማየት ተሰበሰበ። ያን ቀን በሸንጎው ፊት የሰዓቱን ጕድለት ያወጣው ከሐሪሰን በቀር ማንም አልነበረም። ወደ ምዕራብ ህንድ ለመሞከር መጠየቅ ይችል ነበር፤ እሱ ግን የተሻለ ሰዓት እሠራለሁ ብሎ 500 ፓውንድ ብቻ ለመነ።

ሁለተኛውን ሠርቶ ሳይሞከር ተወው። ሦስተኛው 19 ዓመት ፈጀበት። በዚህ ሰዓት ውስጥ ከ700 በላይ ክፍሎች አሉ፤ ሁለቱ ከሰዓቱ ዕድሜ አልፈው ዓለምን ሞልተዋል። አንደኛው፣ የሚንከባለሉት ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው እንዳይፋተጉ በማቀፊያ የተያዙበት ኩሽኔታ ነው፤ ዛሬ ከብስክሌት እስከ ወፍጮ ሞተር ያለ እሱ የሚዞር የለም። ሁለተኛው፣ ሁለት ዐይነት ብረት ተጣብቆ በሙቀት የሚጎብጥበት ዘዴ ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ ካውያ ውስጥ ሙቀቱ በልክ ሲሆን መብራቱን የሚያቋርጠው እሱ ነው። ሰዓቱ ግን አልሆነም። 19 ዓመት በአንድ ሰው ዕድሜ ላይ ብዙ ነው። ሐሪሰን ሥራውን የጀመረው በ40ዎቹ ዕድሜው ሲሆን ሲጨርስ ከ65 አልፎ ነበር፤ ዋናው ስሕተቱም ትልቅና ከባድ ሰዓት ጸጥ ብሎ ይሄዳል ብሎ ማመኑ ነበር።

ይህን እምነቱን የተወው ማንም አስገድዶት አይደለም። በ1753 አንድ የለንደን ሰዓት ሠሪ በሱ ንድፍ የኪስ ሰዓት ሠራለት፤ ሐሪሰንም ትንሽና ፈጣን የሆነ ሚዛን ከትልቁ ይልቅ በመርከብ መናወጥ የማይበገር መሆኑን ተረዳ። አራተኛው ሰዓት በ1759 ሲያልቅ 13 ሴንቲ ሜትር ስፋትና አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላ ክብደት ያለው፣ በሴኮንድ አምስት ጊዜ የሚመታ ትልቅ የኪስ ሰዓት ነበር። ጥርሱን የሚይዙት ክፍሎች ከአልማዝ ተሞርደዋል። ዕድሜውን ሙሉ ከዘይት የሸሸው ሰው እዚህ ላይ ዘይት ተቀበለ። የሚገርመው ሌላ ነገር የለም፤ አቋምን መለወጥ ለወጣትም ከባድ ነው፣ በ60ዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው 30 ዓመት የደከመበትን መንገድ ትቶ እንደ አዲስ ተማሪ መጀመሩ ግን ከፌንጣውም ከፍርግርጉም ይበልጣል።

በኖቬምበር 1761 ልጁ ዊልያም ሰዓቱን ይዞ ወደ ጃማይካ ተጓዘ። ከ81 ቀን በኋላ ስሕተቱ 5 ሴኮንድ ያህል ሆነ። ሸንጎው በአንድ ሙከራ አልረካም። በ1764 ወደ ባርቤዶስ በተደረገው ሁለተኛ ጕዞ ስሕተቱ 39 ሴኮንድ ነበር፤ ይህም በባሕር ላይ ከ20 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፤ ሕጉ ከጠየቀው ሦስት ጊዜ የተሻለ። ሆኖም ገንዘቡ አልተከፈለም። በ1765 አዲስ ሕግ ወጣና፣ ሐሪሰን የሰዓቱን ምስጢር በሙሉ ገልጦ ካስረዳ የሽልማቱን ግማሽ፣ ሰዓቱን የመሰሉ ሌሎች ተሠርተው ከተፈተኑ ሌላውን ግማሽ እንዲያገኝ ተወሰነ። ሽማግሌው በዚያው ዓመት በለንደን ቤቱ ውስጥ ሰዓቱን ብሎን በብሎን ፈትቶ በሸንጎው ለተላኩት ባለሙያዎች ስድስት ቀን አስረዳ። በ1766 ደግሞ ኔቪል ማስክሊን፣ አዲሱ የንጉሡ የሥነ ፈለክ ሊቅና በጨረቃ ርቀት ኬንትሮስን የማግኘት ዘዴ ደጋፊ፣ ትዕዛዝ ይዞ መጣና ሦስቱን ትላልቅ ሰዓቶች ከቤቱ አስወሰደ። ሲወጡ የመጀመሪያው ሰዓት ወደቀ፤ የቀሩትም ድንጋዩን እየመታ በሚሄድ ጋሪ ተጫኑ። አራተኛው ሰዓት በግሪንዊች አሥር ወር ተፈትኖ አያስተማምንም ተባለ።

ስለ ሐሪሰን የጻፉ ሁሉ እዚህ ላይ ይቈጣሉ፤ የሚያስቈጣም ነው። ተወዳዳሪ ዘዴ ያለው ሰው ዳኛ መሆን አይገባውም ነበር። የተማረው ክፍል የእጅ ባለሙያን ዕውቀት ዕውቀት አድርጎ ለመቀበል ያለው ችግር የእንግሊዝ ብቻ አይደለም፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን ጠይብ፣ ቡዳ እያለ የሚሰድብ ሁሉ እንዲታገድ ማወጃቸው፣ ስድቡ በኢትዮጵያ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያሳያል። ነገር ግን ለሸንጎው ሊታሰብለት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። መርከቦች ብዙ ነበሩ፤ ሐሪሰን አንድ ነበር፤ ያውም 72 ዓመቱ። ሰዓቱ የአንድ እጅ ተአምር ከሆነና ሌላ ሰው ሊሠራው ካልቻለ ሰውየው ሲሞት አብሮት ይቀበራል። ሌላ ሰው ይሥራው ማለት ስድብ አልነበረም፤ ተገቢ ፈተና ነበር። ጥፋቱ ፈተናው ከሥራው በኋላ መጨመሩና የሐሪሰን ሰዓቶች ተወስደውበት እያለ እሱም ይሥራ መባሉ ነው። በሌላ በኩል ሐሪሰን ሐሳቡን በጽሑፍ የማስረዳት ስጦታ አልነበረውም። በእጁ የሚያውቀውን በብዕሩ ሲገልጽ ዐረፍተ ነገሩ ማለቂያ አልነበረውም፤ ብዙ ምስጢሩም በዚህ ምክንያት ሳይታወቅ ቀረ።

ፈተናውን ያለፈለት ሌላ ሰው ነው። ላርከም ኬንዳል የተባለ ሰዓት ሠሪ፣ በሐሪሰን ቤት ስድስት ቀን ሲሰሙ ከነበሩት አንዱ፣ አራተኛውን ሰዓት ክፍል በክፍል ቀድቶ ሠራ። ካፒቴን ኩክ በ1772 ወደ ደቡብ ባሕር ሲሄድ ይህን ቅጂ ይዞ ሦስት ዓመት ከበረዶ እስከ ምድር ወገብ ዞረበት፤ በ1775 ሲመለስም መሪዬ ነበር ብሎ አመሰገነው። ሐሪሰንም በእጁ አምስተኛ ሰዓት ሠርቶ በ1770 ጨርሶ ነበር። በ1772 ንጉሥ ሣልሳዊ ጆርጅ ይህን ሰዓት በራሳቸው የኮከብ መመልከቻ አስፈተኑ። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ሰዓቱ እንዳበደ ሆነ፤ ኋላ በአጠገቡ ቁምሳጥን ውስጥ ማግኔት መኖሩ ትዝ ብሏቸው አስወጡት ይባላል። ከዚያ በኋላ በአሥር ሳምንት ውስጥ ያጠፋው ከ5 ሴኮንድ ያነሰ ነው። በንጉሡ ድጋፍ ፓርላማው በ1773 ለሐሪሰን 8,750 ፓውንድ ከፈለው። ሽልማት ተብሎ ግን አልተሰጠውም፤ ያ ሽልማት ከቶ ለማንም አልተሰጠም።

ማርች 24 ቀን 1776 በለንደን ቤቱ አረፈ። በ83ኛው የልደት ቀኑ ሞተ ይባላል። ይሁን እንጂ እንግሊዝ በ1752 አሮጌውን አቈጣጠር ትታ 11 ቀን ስለ ዘለለች፣ ያ ማርች 24 የተወለደበት ማርች 24 አልነበረም። ሁለት አቈጣጠር ይዞ ለሚኖር ሕዝብ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም።

ከሱ በኋላ ጆን አርኖልድና ቶማስ ኧርንሾው የባሕሩን ሰዓት አቅልለው በብዛት እንዲሠራና ዋጋው እንዲቀንስ አደረጉ። የእንጨት ሰዓትም አልጠፋም፤ በአሜሪካ ኤሊ ቴሪ ከ1807 ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ሺህ የእንጨት ሰዓት መዘውር በውኃ ኃይል አውጥቶ ደሀው ገበሬ ቤት ውስጥ ሰዓት እንዲሰቀል አስቻለ። ዛሬ በአንድ የእንጨት ሰሌዳ ወይም በሳህን መሐል ቀዳዳ በስቶ የባትሪ ሰዓት የሚገጥም ሰው፣ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ፍሬ ድንጋይ ያገለግለዋል፤ ሰዓቱን በጥቂት ብር ይሰቅላል፤ ሲበላሽም ሳይከፈት ይጣላል።

የሐሪሰን ትላልቅ ሰዓቶች ግን በግሪንዊች ዝገት በልቷቸው፣ ሰው ረስቷቸው ከመቶ ዓመት በላይ ቆዩ። በ1920 ሩፐርት ጉልድ የተባለ የባሕር ኃይል መኰንን፣ ሰዓት ሠሪ ያልነበረ ሰው፣ ያለ ክፍያ ላጽዳቸው ብሎ ለመነ፤ ዝገታቸውን በመፋቅ፣ የጎደሉ ክፍሎቻቸውንም እየሠራ በመተካት ከአሥር ዓመት በላይ ደክሞ እንደገና አስኬዳቸው።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ሐሪሰን ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1775፣ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሱ ዘዴ የተሠራ የፔንዱለም ሰዓት በ100 ቀን ውስጥ ከአንድ ሴኮንድ በላይ እንደማያጠፋ ገልጾ ነበር። የዘመኑ አንባቢዎች የሽማግሌ ቅዠት ብለው ሳቁበት። በጽሑፎቹ ውስጥ ያለውን ዘዴ ተከትሎ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መሠራት የተጀመረ አንድ ሰዓት፣ ፌንጣው ሳይቀር፣ በግሪንዊች በሣጥን ውስጥ ታሽጎ ተፈተነ። በ2015 ማኅተሙ ሲነሣ 100 ቀን አልፎት ነበር፤ ያጠፋውም ከአንድ ሴኮንድ አምስት ስምንተኛ ነበር።